መብራቱ ይጥፋ

"ወደ ግቢው አይደለም ኡርጌ፣ ወደ መንገዱ አዙሪው!"

ሚልኬሳ ከባዱን የሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ከሥር ደግፎ ይጮኻል። ሚስቱ ከላይ ይዛ፣ በተደፋው በርሜል ላይ እያንገዳገደች ታዞረዋለች። አፉ ወደ ጉደር በሚወስደው አስፋልት ትይዩ ሲሆን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ትመልሳለች።

"ማሎ፣ የጃለኔ አባት፣ ያቺ ትንሿ አትበቃም ነበር?"

ትንሿ የምትለው ባጃጅ ላይ ታስራ ሰው ለስብሰባ የምትጠራዋን ጥሩንባ ነው። ከሰዓት ሞክሯታል። በባትሪ ትሠራለች፣ ሩቅም ትሰማለች፤ ግን የሴት ልጁን የተቀዳ መዝሙር ሲከፍትባት ጃለኔ አፍንጫዋን የያዘች ሎተሪ አዟሪ መሰለች። እዚያው ነቀላት። "የልጄን ድምፅ በቆርቆሮ አላሰማቸውም" ብሎ የሠርግ ዕቃ ከሚያከራይ ወዳጁ ሞንታርቦውን ይዞ መጣ።

በየዓመቱ በገና ዋዜማ ሚልኬሳ በሩ ላይ ያለውን ጽድ ከሥር እስከ ጫፉ መብራት ያለብሰዋል። የአምቦ ሰው ልጆቹን ይዞ ሊያይ ይመጣል። ከጽዱ ሥር የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ይቆሙ ነበር፤ የምትመራቸው ጃለኔ ነበረች። ዘንድሮ ሳታገባ ወለደች። ሽማግሌዎቹ ከመዘምራኑ አገዷት። ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም፤ ቤት ውስጥ እንኳ ስታንጎራጉር ሰምቷት አያውቅም። ሚልኬሳን እንቅልፍ የነሳው ይህ ዝምታዋ ነው።

ዛሬ የከተማው መብራት ከቀትር ጀምሮ የለም። አሮጌዋ ጄኔሬተር በግቢው ጥግ ትንደቀደቃለች። ጽዱ ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ይላል። ጀምበሯ ገና መጥለቋ ቢሆንም በሩ ላይ ሰው ሞልቷል።

ከሰዉ መሐል ኤልያቄም ይወጣል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ነው፣ ለሚልኬሳም የረጅም ዘመን ወዳጅ።

"ኦቦ ሚልኬሳ፣ መብራቱ አምሯል፣ ጌታ ይባርክዎ።" ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "የልጅቷን መዝሙር ሊከፍቱ ነው ሲባል ሰምቼ ነው። እንደታገደች ያውቃሉ።"

"የታገደችው ከመድረካችሁ ነው። ይህ የኔ በር ነው።"

"በሩስ የእርስዎ ነው። ድምፅ ግን አጥር አያውቅም።"

"ወሬውስ አጥር ያውቅ ነበር?"

"እኔ አላወራሁም" ይላል ኤልያቄም።

"አላወሩም። የሚያወሩትን ግን ዝም በሉ አላሏቸውም።"

ሚልኬሳ ጀርባውን ይሰጠውና የሞንታርቦውን ገመድ ማከፋፈያው ላይ ይሰካል። ጄኔሬተሯ ታቃስታለች። ጽዱ ይደበዝዛል። ከሞንታርቦው አንድ ጉርምርምታ ይወጣና ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ጨለማ። ከሰዉ ውስጥ አንዱ ይስቃል።

"ምናልባት ጌታ ራሱ እየተናገረዎት ይሆናል" ይላል ኤልያቄም፣ በቅንነት።

"ጌታን አያስገቡት። ጄኔሬተሯ ሁለቱን መሸከም አቅቷት ነው።"

በስልኩ መብራት እየተመራ ማከፋፈያውን ያገኛል፤ የጽዱን ገመድ ይጨብጣል። ኡርጌ እጁን ትይዘዋለች።

"መብራቱን? ሕዝቡ እኮ መብራት ሊያይ ነው የመጣው!"

"ይጥፋ። ዘንድሮ ይስማ።"

ይነቅለዋል። ሕፃናቱ ያጉረመርማሉ። አንዲት እናት "በቃ እንሂድ" ስትል ይሰማል። የጄኔሬተሯን ማስነሻ ይስባል፤ እምቢ ትለዋለች። ትከሻው ቋ እስኪል ደግሞ ይስባል፤ ትነሳለች። የልጁ መዝሙር ያለበትን ፍላሽ ሞንታርቦው ላይ ይሰካል።

የጃለኔ ድምፅ ጨለማው ላይ ይፈሳል። ጥርት ያለ ነው፣ ከኋላው መዘምራኑ ይቀበሏታል። መሄድ የጀመሩት ይቆማሉ። ሚልኬሳ ዓይኑን ከኤልያቄም ላይ ሳይነቅል ድምፁን ይጨምራል።

ያኔ የቤቱ በር ይከፈታል። ጃለኔ ልጇን ታቅፋ ትወጣለች። ግራ ቀኝ ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ በርሜሉ ትመጣለች። ሚልኬሳ ፊቱ በርቶ ቦታ ይለቅላታል። እሷ ግን እጇን ሰዳ ፍላሹን ትነቅለዋለች።

"ምነው ልጄ?"

"ይሄ የአምናው ነው አባዬ። እነሱ የሚወዱት። ማይኩ የታለ?"

ከሞንታርቦው ጋር የመጣውን ማይክ ይሰጣታል።

"ጃለኔ፣ ልጄ" ይላል ኤልያቄም ጠጋ ብሎ፣ "ጊዜው እስኪደርስ ታገሺ እንጂ።"

"ታገስኩ፣ ጋሼ ኤልያቄም" ትላለች። ማይኩን አፏ ላይ አድርጋ ስለተናገረች መንገዱ ሁሉ ይሰማታል።

ሌላ መዝሙር በኦሮምኛ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ዝም ያለው ጉሮሮዋ ሻክሯል። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፅዋ ይሰበራል፤ ታልፈዋለች። ሕፃኗ ደንግጣ ታለቅሳለች፤ ልቅሶዋ በማይኩ ገብቶ ከሞንታርቦው ግዙፍ ሆኖ ይወጣል። ኡርጌ ልትቀበላት እጆቿን ዘርግታ ትሮጣለች። ጃለኔ ራሷን ትነቀንቃለች። ሕፃኗን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ ማይኩን ሳታርቅ፣ የመዝሙሩን ሁለተኛ ክፍል ትቀጥላለች።

ከጉደር በኩል የባኮ በቆሎ የጫነ አይሱዙ እየጮኸ ይመጣል። ሰዉ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የአስፋልቱን ጥግ ይዞ ይቆማል። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ሞተሩን ያጠፋል።