የሙሉወርቅ ትንፋሽ

ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ነጥራ ሣሩ ላይ ወደቀች። ከፈለኝ አላነሳትም፤ ቆሞ አያት።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ የእርስዎ ተራ ነው» አለችው ሩሃማ። ክሊኒኩ ውስጥ የሳንባ ሕሙማንን እንቅስቃሴ የምታሠራው እሷ ናት። ኮሪደር ለኮሪደር መመላለሱ ሁሉንም ሲያሰለቻቸው፣ አንድ አሮጌ የጠረጴዛ ቴኒስ ለምና አምጥታ አቮካዶው ጥላ ሥር አቆመችው።

ከፈለኝ ኳሷን አንስቶ መታ። ደስም አላለው፣ አልከፋውምም። ሠላሳ ዓመት የቡና መቀሸሪያ ውስጥ አቧራ ሲምግ ኖሮ ሳንባው ካለቀ ሰነበተ። ሚስቱ ውዳሴ ባለፈው ክረምት ስትቀበር እንኳ ዕንባ አልወጣውም። ለቀስተኛው «ጠንካራ ሰው ነው» አለ። እሱ ግን አልጠነከረም፤ ምንም አልተሰማውም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ብላ ሲሉት ይበላል፣ ና ሲሉት ይመጣል።

ማዶ የቆመችው ሙሉወርቅ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሆቴል ማድ ቤት የማገዶ ጭስ ስትጠጣ የኖረች። ራኬቱን እንደ ጭልፋ ነው የምትይዘው። መልሳ የመታቻት ኳስ በከፈለኝ በኩል ከጠረጴዛው አልፋ ወደቀች።

«ጠርዝ ነካች! ነጥቡ የኔ ነው» አለች።

«አልነካችም።»

«እንዴ! ወናጎ ከተማ ድረስ ተሰምቷል እኮ!»

በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ አልቆም አላት። ራኬቱ ከእጇ ወደቀ። ጠረጴዛውን ተደግፋ አጎነበሰች፤ ከንፈሯ ጠቆረ።

ሩሃማ ሮጣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻትና የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ አደረገችላት። ሰማንያ ሁለት፤ ከዘጠና መውረድ አልነበረበትም።

«ጋሼ፣ አብረዋቸው ይሁኑ፤ ኦክስጅን ላምጣ!»

ከፈለኝ ጠረጴዛውን መቼ እንደዞረ አላወቀም። ፊቷ ተንበርክኮ ራሱን አገኘው።

«እንደኔ» አላት፣ እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈሩን አሹሎ። «ቀስ... እንደኔ።»

አየር አብረው ሳቡ፣ አብረው አወጡ። ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለም። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ አንድ። ደግሞ ሰማንያ አራት።

ሩሃማ የኦክስጅን ሲሊንደሩን እየገፋች ስትደርስ ሰማንያ ስምንት ገብቶ ነበር። ጭምብሉን አጠለቀችላት። ቆይቶ የሙሉወርቅ ከንፈር መልኩ ተመለሰ።

«ምነው፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል?» አለችው ከጭምብሉ ሥር፣ በቀጭን ድምፅ።

ከፈለኝ እጁን አየ። እውነቷን ነው።

«ፈርቼ ነው» አላት።

የወደቀውን ራኬቷን አንስቶ አጠገቧ ተቀመጠና፣ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ ሳይነቅል ጉልበቱ ላይ ያዘላት።