ጳጉሜ ስድስት

የልደት ቀን ሲሰጠው ዕድሜ የሚያወጣ ፎርሙላ ለመሥራት ሦስት ቀን ፈጀባት። በየሰንጠረዡ እንደ አዲስ ላለመጻፍ «ዕድሜ» የሚል ስም አውጥታለት ኤክሴሉ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከእንግዲህ የቢሮው ሰው ስሙን ብቻ ጽፎ ይገለገልበታል። የስምንት መቶ ሠራተኞችን ዕድሜ ባንዴ ዘረገፈው። አንድ መስመር ላይ ብቻ፣ ለማይሆን ቀን ያዘጋጀችውን መልስ ሰጠ፦ «እንዲህ ያለ ቀን የለም»።

መስመሩ የራሷ ነበር። ጳጉሜ 6 ቀን 1980።

መቀመጥ አቃታት። ፎርሙላውን ሦስት ጊዜ አፍርሳ ሠራችው፤ ሦስቴም ያንኑ መለሰላት። ከሰዓት ለኃላፊዋ ልታስረክብ ነው። ቢጨንቃት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁት የመዝገብ ቤቱ አቶ ጥሩነህ ዘንድ ሄደች። በጣታቸው ቆጠሩ።

«ጳጉሜ ስድስት የሆነችው በሰባ ዘጠኝ ነው። በሰማንያ ዓመተ ምሕረት አምስት ቀን ብቻ ነበራት። ፎርሙላሽ ምንም አላጠፋም» አሏት።

ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «የእኔ ልጅ በአራት ዓመት አንዴ ነው የምታድግ» እያለች ትቀልድባት ነበር።

«እማዬ፣ ተወለድሽ ያልሽኝ ቀን እኮ ጭራሽ የለም» አለቻት፣ ለመሳቅ እየሞከረች።

ከወዲያ ይሰማ የነበረው ሬዲዮ ተዘጋ። እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት፦

«ማን ነገረሽ?»