አዲሱ ቆዳ

ፀሐይዋ ሰው መግደል ከጀመረች ወዲህ ቆዳውን ያላስቀየረ ሰው ቀን ከቤት እንዳይወጣ ተከልክሏል። የመተማዋ ሰሊጥ አራሚ ትርንጎም ባለፈው ወር አስቀየረች። ፊቷን ያለበሰው ማዲያትና ትከሻዋ ላይ የተላላጠው ቃጠሎ ጠፍቶ ልስልስ ብላ ወጣች።

"ሙቀትና ቅዝቃዜ አይሰማሽም፤ ትለምጂዋለሽ" ብሏት ነበር ሐኪሙ።

እሁድ ዕለት ሕፃን ልጇ ስንዱ አልጠባም ብላ ተነጫነጨች። ትርንጎ ጥርስ እያወጣች መስሏት አዝላት ቤት ውስጥ ልብስ ስታጥብ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዝም አለች። ግንባሯን ብትዳስሰው መዳፏ ምንም አልነገራትም። ፀሐይ እንዳያገኛት በብርድ ልብስ ሸፍና፣ በእርጅና ምክንያት ቆዳቸውን ወዳላስቀየሩት ጎረቤቷ ሮጠች።

"እማማ ጥሩወርቅ፣ እስቲ ይንኩልኝ።"

አሮጊቷ እጃቸውን አሳርፈው ወዲያው አነሱት።

"በማርያም! ልጅቷ እኮ እሳት ሆናለች! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እኔ እንጃ" አለች ትርንጎ። "ከጠዋት ጀምሮ ከጀርባዬ አልወረደችም።"

ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ ስንዱን ሁለት ጊዜ አንዘፈዘፋት። ነፍሷ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን ደነቆረ። ትርንጎ እስከ ዛሬ በስሟ እየጠራች ነው የምታጠባት።