የተከፋፈለው ሰንጠረዥ

ሰውየው በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ብቻውን ይሠራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ማታም የሚገባው ባዶ ቤት ነው። በቀን ውስጥ የምትደውልለት የካርድ ክፍሏ አስካለ ብቻ ነበረች። የሃያ ዓመት የሕሙማን መዝገብ በአንድ ሰንጠረዥ ስለታጨቀ፣ አንድ ካርድ በተፈለገ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሁሉንም ሲያገላብጥ ይቆያል።

«ዛሬም ተኛብኝ» ትለዋለች። እስኪነቃ ድረስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቷ፣ አላገባም ስላለው ልጇ ታጫውተዋለች። ፊቷን አይቶት አያውቅም።

አንድ ቀን ትኩሳት ያለበት ሕፃን የታቀፈች እናት በካርድ ወረፋ ላይ ቆማ ስታለቅስ አየ። በዚያው ሳምንት ሰንጠረዡን ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ክፍል አድርጎ ከፋፈለው። ከዚያ ወዲያ ካርዱ የወጣበት ዓመት ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የዚያን ዓመት ክፍል ብቻ ስለሚፈትሽ ካርዱ ወዲያው ይገኛል። ወረፋው ቀረ። አለቃውም አመሰገነው።

ስልኩም ዝም አለ። ሰውየው መስመሩ ተቆርጦ እንደሆነ ብሎ አንዳንዴ እያነሳ ያዳምጠዋል።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ አስካለ ነኝ። ፍለጋው ዘግይቶብኝ ነው የደወልኩት።»

ወደ ስክሪኑ ተመለከተ። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ገና አልተከፈተም ነበር።

«አዎ፣ እያየሁት ነው» አላት ወንበሩን እየሳበ። «ዛሬስ ብዙ ሳይቆይ አይቀርም። ስልኩን አይዝጉት።»