ማጠቢያው ላይ

ልጅቷ ሻምፑውን ልታስለቅቅ ጣቶቿን በመምህሯ ጸጉር ውስጥ ስታሳልፍ አንድ ጭብጥ የሚሆን ጸጉር ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ክው አለች። ትምህርት ቤት ለእረፍት ከተዘጋ ወዲህ በአክስቷ ጸጉር ቤት ስታጥብ ነው የከረመችው፤ የሚረግፍ ጸጉር አይታለች፣ እንዲህ ያለ ግን አላየችም። መምህሯ አንገታቸውን ማጠቢያው ላይ ደገፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አክስቷ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ከተቀመጡት ደንበኞች ጋር ስትሳሳቅ ቆይታ፣ “ቲቸር፣ የእህቴ ልጅ እጇ መድኃኒት ነው አይደል?” አለች። ልጅቷ ጸጉሩን ቶሎ ብላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ወሸቀችው። የጸጉሩ ውሃ ልብሷን አልፎ ጭኗን አቀዘቀዘው።

“ው... ውሃው አቃጠለዎት እንዴ?” አለች።

“ደህና ነው።” መምህሯ ዓይናቸውን አልገለጡም። “አትደብቂው። ጠዋት ትራሴም ላይ ነበር። ሆስፒታል የጀመርኩት መድኃኒት ያረግፈዋል ብለውኛል። ላጩኝ ልል መጥቼ፣ ከአፌ አልወጣ ሲለኝ እጠቡኝ አልኩ።”

ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋች። እሳቸው ናቸው ሁሌም ትምህርት ሲከፈት እረፍታችሁን እንዴት አሳለፋችሁ ብለው ተማሪዎቹን የሚያጽፏቸው።

“ለማንም አልናገርም ቲቸር። ሲያጽፉንም ይሄን አልጽፈውም።”

መምህሯ ዓይናቸውን ገልጠው ከታች ወደ ላይ አዩዋትና እርጥብ እጇን ያዝ አደረጉ።

“ጻፊው የኔ ልጅ” አሉ ቀስ ብለው። “ከእንግዲህ የሚያርምልሽ ሌላ ሰው ነው።”