የኮዱ ዳር

የዲዛይነሯ አባት ባዶዋን የመድኃኒት ካርቶን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ ስልኩን ከላይዋ ያዞራል። ስልኩ ዝም ይላል። ካርቶኗን ያገላብጣታል። አሁንም ዝም።

ልጁ በምትሠራበት ማተሚያ ቤት፣ ከኮምፒውተሯ አጠገብ ተቀምጧል። ማሽኒስቱ ማሽኑን አቁሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያየዋል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለችው ሴት የመድኃኒት ፋብሪካው ተወካይ ናት። በአዲሱ የጆሮ ጠብታ ካርቶን ላይ ኪውአር ኮድ እንዲታተም ያዘዘችው እሷ ናት፤ ስልክ ኮዱን ሲያነበው አጠቃቀሙን በድምፅ ይናገራል፣ ማየት ለማይችል ሰው።

ዲዛይነሯ ይህን እንደሰማች ነው "ለኔ ስጡኝ" ያለችው። የአባቷ ዓይን ከጠፋ ወዲህ መድኃኒቶቹን የምታነብለት እሷ ናት። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለች የዓይኑ መስሎት የጆሮውን ጠብታ ዓይኑ ውስጥ ጨመረ። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ደረሰለት። ለእሷ አልደወለላትም።

"ከሥራሽ ላላስተጓጉልሽ ብዬ ነው" አለ ስትመጣ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ።

ፋብሪካው ኮዱን በወርቃማ ቀለም ፈልጎ ነበር። ተከራክራ ነጭ ላይ በጥቁር አደረገችው። ራሷ ሞከረችው፤ ማሽኒስቱም ሞከረው። ከሩቅም ከቅርብም፣ ጨለም ያለ ቦታም ቢሆን፣ ስልኩ ገና ሳይጠጋ ያነበዋል።

"አባባ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ..." ትላለች ተወካይዋ።

ዲዛይነሯ በዓይኗ ታስቆማታለች። ቤት ውስጥ "ወደ ቀኝ" የሚለው ሰው የለም።

አባቷ ስልኩን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በቀላሉ አይናደድም።

"ልጄ፣ ፌርማታ አለ አላችሁኝ፤ አምኛለሁ። ግን ምልክት የሌለው ፌርማታ ላይ እንዴት ብዬ ልቁም?"

ማሽኒስቱ ይስቃል። እሷ ግን እስከ ጆሮዋ ይሞቃታል። ስለ ቀለሙ፣ ስለ መጠኑ፣ በዙሪያው ስለሚተወው ነጭ ቦታ ያን ያህል ስትጨነቅ የሰነበተችው ሁሉንም በዓይኗ እያየች ነው።

"አንዴ ቆየኝ፣ አባዬ።"

ያልታጠፈ ካርቶን ታነሳለች። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ የኮዱን ማዕዘኖች ከጀርባ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ በማውሱ ምንጣፍ ላይ በፊቱ ደፍታው፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ ከጀርባው ትጫነዋለች። ቀስ ብላ ነው፤ መስመሩ ኮዱን ከነካው ስልኩ ላያነበው ይችላል። አንድ ጎን፣ ሌላ ጎን፣ ዙሪያውን። ስትገለብጠው በኮዱ ዳር ቀጭን ጉብታ ወጥቷል። ካርቶኑን አጣጥፋ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች።

አውራ ጣቱ መሄድ ይጀምራል። አንዱን ገጽ ያልፋል፤ ጠርዙን ይታጠፋል፤ ይቆማል። ከዚያ ጉብታውን ተከትሎ አራቱንም ጎን ይዞራል።

"እዚህ ነው?"



ስልኩን ከጣቱ በላይ ያመጣና ጣቱን ያነሳል። ስልኩ እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

"ይህ የጆሮ ጠብታ ነው" ይላል የሴት ድምፅ። "ዓይን ውስጥ አይጨመርም።"

አባቷ ፊቱን ወደ ተወካይዋ ያዞራል። "አንቺ ነሽ እንዴ?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ። ድምፄ ይሻላል ብለው አስነበቡኝ።"

"ድምፅሽስ ደህና ነው። ግን ምን አስሮጠሽ? የሚያባርርሽ የለ።"

አሁን ሁሉም ይስቃሉ፤ ከሁሉም በላይ ተወካይዋ። ሳቋን ስትጨርስ ግን ወደ ማሽኒስቱ ትዞራለች።

"ይህን ጉብታ ማሽኑ ያወጣልናል?"

"ያወጣል። ግን ካርቶኑን የሚጫን የብረት ሻጋታ ይሠራለታል። ዛሬ ትወስጃለሽ ያልነው ይቀራል።"

ተወካይዋ ስልኳን አውጥታ ለፋብሪካው ኃላፊ እየደወለች ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። ዲዛይነሯ ጀርባዋን እያየች እስክሪብቶውን በጣቶቿ መሃል ታሽከረክራለች።

"አዎ፣ ጋሼ፣ ይዘገያል... ኧረ ኮዱስ ይሠራል። ለኛ ይሠራል።" ረጅም ጊዜ ታዳምጣለች። "እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይምጡና ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት። እኔ ያለ ጉብታው አልረከብም።"

ስልኳን ዘግታ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ ታወርዳለች። "ሻጋታው ይሠራ" ትላለች።

ማሽኒስቱ ወደ ጓዳው ይገባል። ዲዛይነሯ ትንፋሿን አውጥታ አባቷ አጠገብ ቁጢጥ ትላለች። እሱ ሌላ ማንንም እየሰማ አይደለም። አውራ ጣቱ እንደገና ጉብታውን አግኝቷል፤ ስልኩም ከመጀመሪያው ጀምሮ እየነገረው ነው፤ ስለ አያያዙ፣ ጭንቅላትን ወደ ጎን ስለማዘንበል።

"ጠዋትና ማታ ነው፣ አባዬ" ትለዋለች እንደ ልማዷ። "በየጊዜው ሁለት..."

እጁን ከፍ አድርጎ ያስቆማታል።

"ቆይ እስቲ፣ እያነበብኩ ነው።"