ከገባው የወጣው በለጠ

«ከእኛ የገብስ ዱቄት ውስጥ ኦቾሎኒ ከየት ይመጣል?» ይላሉ ባለፋብሪካው፣ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ እንደለጠፉ። ባለሱቁ መልሶ ያስረዳቸዋል። ኦቾሎኒ የማይስማማት የደንበኛው ልጅ ዱቄቱ በወተት ተበጥብጦላት ጠጥታ ፊቷ አባብጦ ሐኪም ቤት አድራለች። አሁን ደህና ናት። ደህና ናት ቢባሉም ደግመው ይጠይቃሉ።

የጥራት ኃላፊዋ ልጃቸው የፓኬቱን ቁጥር ተቀብላ ኮምፒዩተሩ ላይ እየጻፈች ነው። ይህን ፕሮግራም ካስገባች ጀምሮ «እኛ እህል እናሽጋለን፣ አንቺ ቁጥር ታሽጊያለሽ» እያሉ ሲያሾፉባት ከርመዋል። አሁን ግን ገብሱ ከማን እንደተገዛ፣ ማን እንዳበጠረው፣ መቼ እንደተፈጨ ተራ በተራ ይወጣል።

«አባባ፣ ከገባው የወጣው በልጧል።»

«በረከት ነዋ።»

«ይሄ በረከት አያውቅም። የሚያውቀው ሚዛን ብቻ ነው።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ ታሳርፋለች። «ምሳ ሰዓት ላይ ማደባለቂያው ውስጥ የሆነ ነገር ተጨምሯል።»

ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ጋ የሚቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ትዝ ይላቸዋል። ለሌላው ምርታቸው ኦቾሎኒ የሚፈጩበት ማሽን ሥር የቀረችውን አንድ ሳህን ዱቄት ጠርገው፣ አጠገቡ ያለው ማደባለቂያ ውስጥ ገብሱ ላይ ገልብጠዋታል። እህል ሲደፋ ማየት አንጀታቸው አይችልም። በእጅ ወፍጮ ሥራ ከጀመሩ አንስቶ የተረፈውን ከሚቀጥለው ጋር መቀላቀል ልማዳቸው ነው፤ ጽድቅም ይመስላቸው ነበር።

«መጋዘኑ ሙሉ ሊደፋ ነው?»

«ለምን ይደፋል? የአንድ ዙር ብቻ ነው። ያለውም ሁለት ሱቅና አንድ መኪና ላይ ነው።»

ትደውላለች። ባለሱቆቹ ፓኬቶቹን ከመደርደሪያ እንዲያወርዱ፣ የተሸጠውን ለማን እንደሸጡ እያስታወሱ ቤት ድረስ እንዲደውሉ ታደርጋለች። ሾፌሩን «ዳር ይዘህ ቁም፣ ካርቶን እንዳታወርድ» ትለዋለች። ድምጿን አንዴም ከፍ አላደረገችም። አባቷ አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል። ይቺን ልጅ እኔ ነኝ የወለድኳት ይላሉ በሆዳቸው፣ በኩራትም በእፍረትም።

የመጨረሻው ባለሱቅ ሁሉም ፓኬት መመለሱን ደውሎ ሲነግራት በረጅሙ ትተነፍሳለች። ፕሮግራሙ ግን አንድ ባዶ ቦታ ይዞ አልዘጋ ብሏል። «ጥፋቱን የፈጸመው ሰው ስም» ይላል። ልጃቸው ስክሪኑን እንጂ እሳቸውን አታይም።

«ይሄን ነገ እሞላዋለሁ» ትላለች።

«አሁን ሙዪው።»

«ሠራተኞቹ ያዩታል፣ አባባ።»

«ይዩት። እነሱ ሲያጠፉ አይደል እንዴ የምትጽፊው?»

እጇ አይንቀሳቀስም። መነጽራቸውን ያደርጉና የፊደል ሰሌዳውን ወደራሳቸው ይስባሉ። ልጃቸው ተነስታ ወንበሩን ትለቅላቸዋለች። ባለፋብሪካው በአንድ ጣት የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል መፈለግ ይጀምራሉ።